አዲስ የሆነው ለማን ነው? የአንዲት የዛፍ አይጥ ታሪክ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ አዲስ የእንስሳ ዝርያ ተገኘ እያሉ ዜና ይሠራሉ። እንስሳው እኮ ድሮም እዚያው ነበር። ታዲያ አዲስ የሆነው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ጀመርኩ፤ ሳላስበው ይሄን ሁሉ ጻፍኩ። ለእሱ ብቻ ከሚቀር ለእናንተም ይሁን ብዬ እዚህ ለጠፍኩት። ረጅም ነው፣ ከአቦል እስከ ቶና ሊወስድ ይችላል። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄውን የምመልሰው በአንዲት አይጥ ታሪክ ነው። ፊታችሁን የምታጨማድዱ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥም «አይጥ» ስል ከኋላ ወንበር የሚሰማው ሳቅ ትዝ ይለኛል። ግን ይቺ አይጥ ጓዳ ገብታ ጤፍ የምታበላሸዋ አይደለችም። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ጫፍ 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ናት። ክብደቷ ደግሞ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ይገመታል። መርከብ ላይ ተሳፍራ ዓለምን የዞረችው ተራዋ ጥቁር አይጥ እኮ 200 ግራም ከሞላች ትልቅ ናት። የኛዋ ባለታሪክ ጸጉሯ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቡናማ፣ ጭራዋ ጸጉር አልባና ቅርፊታም ነው። የምትኖረው ዛፍ ላይ ነው።

አገሯ ሰሎሞን ደሴቶች ነው፤ ከአውስትራሊያ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ደሴቶች አገር። ስሙ ለኛ ጆሮ ሩቅ አይደለም፣ ያው የንግሥተ ሳባው ንጉሥ ሰሎሞን ነው። በ1568 ሜንዳንያ የሚባል ስፔናዊ መርከበኛ እዚያ ደረሰ። የሰሎሞን ወርቅ የመጣበት አገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም በሚል ተስፋ ስሙ ተለጠፈበት። ከደሴቶቹ ትልቁ ጓዳልካናልም ስሙን ያገኘው ስፔን ውስጥ ካለች ትንሽ ከተማ ነው፤ ከመርከበኞቹ አንዱ የተወለደባት ናት። ሰው ይኖርበታል፣ ሰው ደግሞ ለደሴቱም ለወንዙም ለአይጡም ስም አለው፤ ግን ካርታ የያዘው ሌላው ነበር። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በዚህ አገር ምዕራባዊ ክፍል ቫንጉኑ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ያሉት የዛይራ ማኅበረሰብ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዛፍ ላይ የምትኖር ትልቅ አይጥ ያውቃሉ። «ቪካ» ይሏታል። ንጋሊ የሚባለውን፣ ድንጋይ የሚያህል ቅርፊት ያለውን ፍሬ በጥርሷ በስታ ውስጡን ትበላለች ይላሉ። ኮኮናት ሳይቀር ትሰብራለች ብለውም ይናገራሉ። በ2010 ታይሮን ላቬሪ የሚባል አውስትራሊያዊ አጥቢ እንስሳት አጥኚ ቫንጉኑ ሲሄድ የነገሩት ይሄንኑ ነው። እሱም ዕቃውን ሸክፎ መፈለግ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ግን ከእሱ በፊት በዚያ አገር የአይጥ ስም እንዴት ይወጣ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ መቶ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

ከ1886 እስከ 1888 ቻርልስ ሞሪስ ዉድፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ በጓዳልካናል እየተዘዋወረ ቢራቢሮ፣ ወፍ፣ እንሽላሊትና አይጥ ሰብስቧል። የሰበሰበውን በአልኮልና በደረቅ ቆዳ አድርጎ ወደ ለንደን ይልካል። ለንደን ውስጥ በብሪትሽ ሙዚየም የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል ኦልድፊልድ ቶማስ የሚባል ሰው ጠረጴዛው ላይ ይቀበለዋል። ይሄ ሰው በሥነ እንስሳት ታሪክ ውስጥ እንደሱ ያለ የለም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም፤ በሕይወቱ ወደ 2000 የሚጠጉ የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎችና ንዑስ ዝርያዎችን ሰይሟል። ዓለም ሁሉ በሳጥን ታሽጎ ወደ ጠረጴዛው ይመጣለት ነበር ማለት ይቻላል። የራስ ቅሉን ይለካል፣ ጥርሱን ያያል፣ መሳቢያ ውስጥ ካሉት ጋር ያስተያያል፣ ከዚያ ስም ያወጣል።

በ1888 ለጓዳልካናል ግዙፍ አይጦች ያወጣላቸውን ስም ስሙማ። አንዷን «ሬክስ» አላት፣ በላቲን ንጉሥ ማለት ነው። ሌላዋን «ኢምፔራተር» አላት፣ ንጉሠ ነገሥት። በ1904 ደግሞ ሦስተኛዋን «ፖርኩሉስ» ብሎ ሰየመ፣ ትንሽ አሳማ ማለት ነው። ከንጉሠ ነገሥት እስከ አሳማ! ሰውየው ቀልደኛ ነበር ይሆን? ሦስቱም ኡሮሚስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ባለጭራ አይጥ እንደ ማለት ነው። የዚህ ወገን የጭራ ቅርፊት እንደ ዓሣ ተደራርቦ ሳይሆን እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን የተደረደረ ነው።

የጓዳልካናል ሰዎች እነዚህን አይጦች ምን ብለው እንደሚጠሯቸው በሳይንሳዊ ስማቸው ውስጥ ምንም ምልክት የለም። ዉድፎርድ ራሱ በ1890ዎቹ ተመልሶ ሄዶ ሰሎሞን ደሴቶችን ለእንግሊዝ የሚያስተዳድር የመጀመሪያው ሹም ሆኗል። አይጥ ሰብሳቢው ገዥ ሆነ ማለት ነው። ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ ቢራቢሮ መረብና ባንዲራ በአንድ ሻንጣ ይሄዱ ነበር።

ሳይንሱን ግን ላጣጥል አልፈልግም። ልብ በሉ፤ ንጉሠ ነገሥቷም ሆነች ትንሿ አሳማ ከዉድፎርድ ዘመን ወዲህ በሳይንስ እጅ ዳግም አልገቡም። ከፖርኩሉስ የተያዘው ናሙና አንድ ብቻ ነው። ከምድር ላይ ጠፍተው ሊሆን ይችላል ተብሎ ይፈራል። እነዚያ የለንደን ሳጥኖች ባይኖሩ ኖሮ እንደነበሩ የምናረጋግጥበት አንድ አጥንት እንኳ በእጃችን አይኖርም ነበር። ሁለቱም ነገር እውነት ነው፤ አንዱን ለመናገር ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ለአፍታ ወደ አገራችን ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ያው ኦልድፊልድ ቶማስ ለኛም አይጥ ስም አውጥቷል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ከኢትዮጵያ የሄደለትን አንድ የአይጥ ዓይነት «ሃሪንግቶኒ» ብሎ ሰየመ። ሃሪንግተን ማን ነው? በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የእንግሊዝ ወኪል የነበረው ጆን ሌን ሃሪንግተን ነዋ! አይጧ የዲፕሎማት ስም ይዛ ቀረች። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ የዚችው አይጥ የቅርብ ዘመድ የሆነች፣ ግን ዛፍ መውጣት የለመደች ሌላ ዝርያ በደቡብ ምዕራብ አገራችን በሸኮ ጫካ ተገኘች። የገለጻት ሩሲያዊው ሊዮኒድ ላቭሬንቼንኮ ነው። ስሟ «ያልደኒ» ሆነ፤ የኢትዮጵያን አጥቢ እንስሳት አንድ በአንድ በዝርዝር መዝግቦ ላቆየልን እንግሊዛዊው ዴሪክ ያልደን መታሰቢያ ነው። ያልደን ይገባዋል፣ ቅር አይለኝም፤ የእሱ ዝርዝር ባይኖር ዛሬ የአገራችንን አጥቢ እንስሳት የሚያጠና ሰው ብዙ ይቸገር ነበር። ብቻ የሸኮ ሰው ስሟን ሲሰማ የራሱ ጫካ እንስሳ መሆኗን በምን ያውቃል?

ወደ ፓሲፊክ ልመለስ። ከቶማስ በኋላ ሥራው ከለንደን ወደ ሲድኒ ቀረብ አለ። በ1930ዎቹ በአውስትራሊያ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ኤሊስ ትራውተን የሰሎሞንን አይጦች ማጥናት ጀመረ። በ1935 ቡገንቪል ደሴት ላይ የምትኖር፣ ዛፍ ላይ ጎጆ የምትሠራ ግዙፍ አይጥ ገለጸ። ስሟን በዚያ ደሴት ይሰብክ በነበረው ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ በአባ ፖንስሌ ስም «ፖንስሌቲ» አላት፣ ናሙና የሰጡት እሳቸው ስለሆኑ። እዚህ ጋ ትንሽ ለውጥ እናያለን፤ ቢያንስ ስሙ የተሰጠው እዚያው አገር ለኖረ፣ ጫካውን ለረገጠ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ጦርነቱ መጣ (ጓዳልካናልን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በ1942ቱ ውጊያ ነው)፣ ነጻነትም በ1978 መጣ፣ ግን ከ80 ዓመት በላይ ከሰሎሞን ደሴቶች አንድም አዲስ የአይጥ ዘር አልተገለጸም።

ላቬሪ በ2010 ቫንጉኑ የደረሰው እንግዲህ በዚህ ዝምታ መሀል ነው። ፍለጋው ዓመታት ፈጀ። በየዛፉ ካሜራ ያስራል፣ ማታ ማታ በባትሪ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይቃኛል። ምንም የለም። መሬት ላይ የሚኖር እንስሳ ስትፈልጉ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ነው የምታዩት። ዛፍ ላይ ለሚኖር ግን ወደ ላይም ማየት አለባችሁ። ያ ጫካ ደግሞ ቅጠሉ ጣሪያ ነው። እንስሳዋ ሌሊት ነው የምትንቀሳቀሰው፣ ቁጥሯም ጥቂት ነው። ከጊዜ በኋላ ሰውየው ራሱ መጠራጠር ጀመረ፤ ምናልባት ሰዎቹ ቪካ የሚሉት ተራዋን ጥቁር አይጥ ይሆን እንዴ ብሎ።

ይሄን ጥርጣሬ ሳነብ ትንሽ አመመኝ፣ ግን እፈርድበታለሁ ማለት አልችልም። ሳይንስ ውስጥ ምስክር ብቻውን አይበቃም። እኛም «አይጥ» እና «አይጠ መጎጥ» ብለን እንለያለን፤ ግን አንድ የውጭ ሰው መጥቶ «አይጠ መጎጥ የምትሉት የትኛውን ነው? አንድ ዓይነት ነው ወይስ ሦስት?» ቢለን ስንቶቻችን በእርግጠኝነት እንመልሳለን? የአገር ስም አንዳንዴ አንድን ዝርያ በትክክል ይለያል፣ አንዳንዴ ብዙውን በአንድ ጆንያ ይከታል። የዛይራ ሰዎች ግን አልተሳሳቱም ነበር።

ኅዳር 2015 ላይ አንድ እንጨት ቆራጭ ኩባንያ ከዛይራ አካባቢ ትልቅ ዛፍ ጣለ። ዛፉ ዲሌንያ የሚባል፣ የዚያው አካባቢ ጫካ ዛፍ ነው። ዛፉ ሲወድቅ ከላዩ አንዲት ትልቅ አይጥ ወጥታ ልትሮጥ ሞከረች፤ ግን ተጎድታ ስለነበር ሞተች። በኛ ተረት አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህ ግን ዛፍ ተሸጠና አይጥ ተመታች።

ታሪኩ እዚህ ጋ ሊያበቃ ይችል ነበር። ስንት እንስሳ እንደዚያ ሞቶ ይቀራል፣ ወይ ለውሻ ይጣላል፣ ወይ እዚያው ይበሰብሳል። ያላበቃው ሂኩና ጃጅ በሚባል ሰው ምክንያት ነው። ሂኩና የዛይራ ማኅበረሰብ ራሱ ያቋቋመው የተፈጥሮ ሀብት ክልል ጠባቂ ነው። ያየው ምን እንደሆነ አወቀ። ለምን እንደሚፈለግም ያውቅ ነበር፣ ፍለጋው ላይ አብሮ ሠርቷልና። በድኑን አንስቶ እንዳይበላሽ አደረገና አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ወደሚገኘው የኩዊንስላንድ ሙዚየም እንዲደርስ አደረገ። እኔ የዚህ ታሪክ ዋና ሰው ማነው ብትሉኝ፣ ያን ቀን እጁን የዘረጋው ሰው ነው እላችኋለሁ።

አሁን የተማሪዬ ጥያቄ ዋናው መልስ ላይ ደረስን። አንድ ዝርያ «ተገለጸ» ሲባል ምን ይደረጋል? ማየት ብቻ አይደለም። ፎቶ ማንሳትም አይደለም። ከሁሉ በፊት አንድ የተወሰነ ናሙና ያስፈልጋል። ሆሎታይፕ ይሉታል፣ እኔ «የስሙ ዋስ» እያልኩ ነው የማስተምረው። ነገ ከነገ ወዲያ ሁለት አጥኚዎች «ቪካ የምትባለው የትኛዋ ናት?» ብለው ቢከራከሩ፣ ክርክሩ የሚፈታው ያቺን ዋስ መሳቢያ ከፍቶ በማየት ነው። ስሙ የታሰረው በእሷ አካል ነው።

ቀጥሎ ንጽጽር ይመጣል። ላቬሪ ናሙናዋን ባየ ጊዜ ሌላ ነገር እንደሆነች ወዲያው ገብቶታል። በሰሎሞን ደሴቶች የሚታወቁት አገር በቀል አይጦች ስምንት ብቻ ስለነበሩ ከራስ ቅሏ ቅርጽ ብዙዎቹን ቶሎ ማስወጣት ቻለ። ግን «አይመስልም» ማለትና «አይደለም» ብሎ ማስረዳት የተለያዩ ናቸው። የራስ ቅሉ ርዝመትና ስፋት፣ የመንጋጋ ጥርሱ ረድፍ፣ የእግሯ መዳፍ፣ የጭራዋ ቅርፊት ተለካ፣ በየሙዚየሙ ካሉ ዘመዶቿ ጋር ተነጻጸረ። እዚህ ላይ ነው የእነ ቶማስ ሬክስና ኢምፔራተር ከመሳቢያቸው ተነስተው የሚመሰክሩት! አሮጌ ናሙና ከሌለ አዲስ ዝርያ ብሎ ነገር የለም፤ ከምን ተለየ ይባላል? ከዚያ የዘረመል ምርመራ ተደረገ፣ ዘመዶቿ ካላቸው ጋር ተስተያየ። ውጤቱ ራሷን የቻለች ዝርያ ናት፣ ወገኗም ኡሮሚስ ነው የሚል ሆነ።

ጽሑፉ መስከረም 2017 በታወቀ የአጥቢ እንስሳት ጥናት መጽሔት ላይ ወጣ። ስሟ «ኡሮሚስ ቪካ» ተባለ። ንጉሥም፣ ዲፕሎማትም፣ ሚሲዮናዊም አልተጨመረበትም። ከጽሑፉ ራስ ላይ የተጻፉት ደራሲዎች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ታይሮን ላቬሪና ሂኩና ጃጅ። እንስሳ አጥኚውና ጫካ ጠባቂው እኩል። ይሄን ከ1888ቱ ጋር አስተያዩት። ያኔ ናሙናውን ከጫካ ያወጡት፣ ዉድፎርድን መንገድ የመሩት የደሴቱ ሰዎች በስያሜው ላይ ምንም ድርሻ አልነበራቸውም።

የአገር ስም በሳይንስ መግባቱ የመጀመሪያ እንዳልሆነ ለመናገር ያህል፣ ደንቡ ራሱ አይከለክልም። የእንስሳት ስያሜ መነሻው ሊኔየስ በ1758 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ከየትኛውም ቋንቋ ሊወሰድ ይችላል። እኛ ለዚህ ምስክር አለን። በ1830ዎቹ ሰሜን ተራራ ድረስ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል በ1835 ሁለቱን ታላላቅ እንስሶቻችንን ሲገልጽ ዋልያን «ዋሊ»፣ ጭላዳን «ጌላዳ» ብሎ ነው የጻፋቸው። ጆሮው ትንሽ ቢያሳስተውም ቃሉ የኛው ነው። ብሔራዊ ቡድናችንን ዋልያ ስንል ሳናውቀው ሳይንሳዊ ስም እየጠራን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የባዕድ ሰው ሁሉ ስም ነጠቀ ብሎ መደምደምም አይሆንም። በዚያው ዘመን የሰማውን ስም የጻፈ ነበረ፣ የአለቃውን ስም የጻፈም ነበረ።

ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ፣ ባለፈው ስለ ግልገል ዓባይ የተጨዋወትን ሰዎች ታስታውሱ ይሆናል። ላቬሪ ቪካን ሲገልጽ ይሠራ የነበረው ቺካጎ በሚገኘው ፊልድ ሙዚየም ነው። ይሄ ሙዚየም በ1926 እና 27 ወደ አገራችን የጥናት ቡድን ልኮ ነበር። ያኔ ከግልገል ዓባይ ምንጭ አጠገብ አንዲት ውኃ ውስጥ የምትዋኝ አይጥ ተያዘች፣ የሙዚየሙ ሰው ዊልፍሬድ ኦስጉድ በ1928 ገለጻት። የተያዘችው ያቺ አንዷ ብቻ ናት። ቪካም በ2017 ስትገለጽ በእጅ ያለችው አንዲት ብቻ ነበረች። የአንድ እንስሳ ሙሉ ማንነት በአንድ በድን ላይ ሲንጠለጠል እንዲህ ነው፤ እዚያ ላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ሆኖ እንኳ ስለ ኑሮዋ የሚነግራችሁ በጣም ትንሽ ነው።

ቪካ ከየት መጣች ለሚል፣ የኡሮሚስ ወገን ትልልቅ አይጦች በኒው ጊኒና በሰሜን አውስትራሊያም አሉ። የአውስትራሊያዋ ዘመዷ ኮኮናት ትሰብራለች፣ ይሄ በደንብ የታወቀ ነው። ስለዚህ የዛይራ ሰዎች ስለ ኮኮናቱ የሚሉት ተረት አይመስልም። የቪካ ቅድመ አያቶች በማዕበል በተነቀለ ዛፍና ቅጠል ላይ ተንሳፈው ደሴቱ ላይ ደርሰው ይሆናል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ሽኮኮም ጦጣም በሌለበት ጫካ፣ ዛፍ ላይ ያለውን ማዕድ ለብቻቸው አገኙት። በሰሎሞን ደሴቶች ከሚኖሩት አጥቢ እንስሳት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዓለም ሌላ ቦታ የሉም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። ቪካን ለሳይንስ ያስረከባት መጋዝ ነው። ያ ዛፍ ባይቆረጥ ላቬሪ ዛሬም እየፈለጋት ሊሆን ይችል ነበር። ያ መጋዝ ግን አንድ ዛፍ ጥሎ አላቆመም። ዝርያዋ በተገለጸችበት ጊዜ ቫንጉኑ ላይ ለእሷ የሚሆን ጫካ የቀረው 80 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ያስላው፣ የከተማዋን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስም ባገኘች በዚያው ሰሞን ነው በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ትግባ የተባለው። የልደት ወረቀቷና የሕመም ማስረጃዋ አብረው ወጡ።

ጫካውን ያቆየው ማን ነው ካላችሁ ራሳቸው የዛይራ ሰዎች ናቸው። መሬቱ የባህል ርስታቸው ነው። ሌላው ደሴት በየጊዜው ሲቆረጥ እነሱ ጫካቸውን ጠብቀው ኖረዋል፣ ሂኩናም የዚያ ጥበቃ አንዱ ሰው ነው። ይሄ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ለእንጨት የሚቀርበው ገንዘብ ትምህርት ቤት ክፍያና ጀልባ ሞተር ነው። እምቢ ማለት ዋጋ ያስከፍላል፣ በየቤቱም ጭቅጭቅ ያመጣል። እዚህ ተቀምጦ «ጫካ ጠብቁ» ማለት ቀላል ነው።

ከዚያ 2023 መጣ። ላቬሪ በዚህ ጊዜ ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከሰሎሞን ደሴቶች የመጡ ሁለት ባልደረቦቹ፣ ኬቪን ሴሴና ኮርዚየራ ፖሳላ፣ አብረውት ናቸው። ከዛይራ ማኅበረሰብ ጋር ሆነው እንደገና ፍለጋ ወጡ። የት ቦታ እንደሚታይ ሰዎቹ አሳዩ። መሣሪያቸው ካሜራና የሰሊጥ ዘይት ነበር። (ሁመራዎች፣ ሰሊጣችሁ ለስንቱ ነገር ይሆናል!) በዚህኛው ጊዜ ተሳካ። ቪካ በሕይወት እያለች ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ተነሳች። የተገኙት ፎቶዎች 95 ናቸው፣ በፎቶዎቹ ላይ የታዩት እንስሳት ደግሞ አራት። ፎቶውን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ዓይኗ ያበራል፣ ያ ረጅም ጭራዋ ከኋላዋ ተዘርግቷል። ስለ እሷ ስንት ዓመት ሲያወሩ የኖሩት የዛይራ ሽማግሌዎች ፎቶውን ሲያዩ ምን እንዳሉ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር። እንደኛ አገር ሽማግሌ ከሆኑ «ድሮስ ምን አልንህ?» ሳይሉ አይቀሩም።

ፎቶዎቹን ይዞ የወጣው ጽሑፍ ግን የደስታ ዜና ብቻ አልነበረም። አጥኚዎቹ እዚያው ላይ በዛይራ እንጨት ለመቁረጥ ፈቃድ መሰጠቱን፣ ቆረጣው ከተካሄደ ቪካ ከምድር እንደምትጠፋ በግልጽ ጽፈዋል። ያ ጫካ የቀራት የመጨረሻው ነው፤ ዛፍ ላይ ለምትኖር እንስሳ ሌላ መሄጃ የላትም።

እንግዲህ ጥያቄህን ያልረሳሁ ልጄ፣ መልሴ ይሄ ነው። ለዛይራ ሰዎች አዲስ አልነበረችም። አዲስ የሆነችው ለእኛ፣ በመጽሔት ለምናውቀው ነው። ግን ይሄ የእኛ ዕውቀትም ከንቱ አይደለም። ቪካ የዛይራ ሰዎች ቃል ብቻ ሆና በነበረችበት ዘመን፣ በኩባንያና በመንግሥት ወረቀት ላይ አልነበረችም፤ የሌለ እንስሳ ደግሞ ማንም አይከላከልለትም። አሁን ስም አላት፣ ብሪዝበን ውስጥ ዋስ አላት፣ 95 ፎቶ አላት። ጫካዋን በተመለከተ አንድ ሰው «እዚያ ምን አለና?» ብሎ ቢጠይቅ የዛይራ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡት ነገር አግኝተዋል።

በየአገራችሁ ጫካ «እንትን የሚባል አውሬ ነበር» ሲባል ስትሰሙ ያደጋችሁበት፣ እናንተ ግን አይታችሁት የማታውቁት እንስሳ ካለ ከታች ጻፉልኝ። ስሙን በአካባቢው ቋንቋ እንዳለ ጻፉት፣ ወደ አማርኛ አትመልሱት። ከሸኮና ከቤንች በኩል ያላችሁ በተለይ።